ሁለት ጊዜ የተመታው ቀለህ

ኦርፋ ሆጅ ባሏን ያገኘችው ጋራዡ ውስጥ፣ ከጥይት መሙያ ማሽኑ ሥር ወድቆ ነው። ሸሪፍ ቢሮ ስትደውል ግን "ባሌ ሞተ" አላለችም። "ባሌን ገድዬዋለሁ፣ ኑ" ነው ያለችው።

እኔ፣ የሸሪፉ ምክትል፣ ስደርስ የጓሮው ደረጃ ላይ ቁጭ ብላለች። የቤተ ክርስቲያኑን የወጥ ቤት ሽርጥ እንኳ አልፈታችም፤ ክንዷ ላይ ዱቄት አለ። ኦርፋን አውቃታለሁ። አንድ መዘምራን ውስጥ ነን። እሷ ድምፅ አላት፤ እኔ የለኝም፣ ግን ውጪ ቢሉኝም አልወጣሁም።

"በምን ገደልሽው?" አልኳት።

"በአፌ።"

"ኦርፋ፣ በወጉ ንገሪኝ እንጂ።"

"በአፌ ነው የምልሽ ዎንዳ! ከተኩስ ውድድሩ አንገቱን ደፍቶ መጣ። ጥይቱ ሁሉ ከሽፎበት፣ የክለቡ ሰው ሁሉ ስቆበት መጣ። እኔ ደግሞ ምን አልኩት? 'እጅህም ዓይንህም አልቋል፣ ለማንም የማትረባ ሽማግሌ ሆነሃል፣ ያን ማሽን አውጥተህ ጣልልኝ' አልኩት። ይህን ብዬው ለቤተ ክርስቲያኑ እራት ድንች ልልጥ ሄድኩ። ድንች! ስመለስ ራሱን አጥፍቶ አገኘሁት።"

አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። ሽርጧን በሁለት እጇ ይዛ ትጠመዝዘዋለች፣ ትፈታዋለች፣ መልሳ ትጠመዝዘዋለች።

"እሱ ራሱን እንዳጠፋ ማን ነገረሽ?"

"ሌላ ማን ያጠፋዋል? ቨርሊንን ማን ይጠላዋል?"

እውነቷን ነው፤ የሚጠላው አልነበረም። ቨርሊን ዕድሜውን ሙሉ እንጨት መሰንጠቂያ ውስጥ የሠራ፣ ከዚያ ጡረታ የወጣ፣ ሰው ሲያወራ ከጆሮው ይልቅ ዓይኑን ሰጥቶ የሚያዳምጥ ዝምተኛ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ውሎው ከዚያ ማሽን ፊት ነበር። እኛ ዘንድ የተተኮሰ ቀለህ አይጣልም። ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ከግርጌው አዲስ ካፕሱል፣ በሆዱ ባሩድ፣ ባፉ እርሳስ ይገባለትና ተመልሶ ጥይት ይሆናል። ካፕሱል ማለት የሽጉጡ መምቻ ሲነካት እሳት የምትሰጠው፣ ምስር የምታህለው ቆብ ናት። ከክለቡ ሰው ግማሹ ቨርሊን የሞላውን ጥይት ነው የሚተኩሰው።

ጋራዡ ውስጥ ሸሪፍ ቦይድ ቀድሞኝ ቆሟል። ቦይድ ልጅ ነው፤ ምርጫ አሸንፎ የመጣ፣ ጥርሱ ያማረ ልጅ።

"ግልጽ ነው ዎንዳ። ሽማግሌው ተዋረደ፣ ሚስቱ ጨመረችበት፣ ደረቱ ላይ ተኮሰ። ሽጉጡ ይኸው ከእጁ አጠገብ። የራሱ ሽጉጥ ነው። ሐኪሙም ከቅርብ ነው የተተኮሰው፣ ወዲያው ነው ያለፈው ብሏል።"

"አንተ ነገር ሁሉ ግልጽ የሚሆንልህ የአጋዘን አደን ሊከፈት ሲል ነው።"

"ፈቃዴን ከፍዬበታለሁ፣ ምን ላድርግ?" ብሎ ሳቀ። ወዲያው አስከሬኑ ትዝ ብሎት አፉን ያዘ።

ጎንበስ ብዬ የቨርሊንን እጆች አየኋቸው። ያብረቀርቃሉ። ጣቶቹ፣ መዳፉ፣ የጥፍሩ ሥር ሁሉ ወርቅ የመሰለ ብናኝ ተጣብቆባቸዋል። ናስ ነው፤ የቀለህ ፍቅፋቂ። ጠረጴዛው ላይ አንዲት በእጅ የምትዞር መፋቂያ አለች፣ ከሥሯ የናስ ብናኝ ተከምሯል። አጠገቧ ቀለሆች ግርጌያቸውን ወደ ላይ አድርገው በእንጨት መደርደሪያ ላይ ቆመዋል። የከፊሎቹ የካፕሱል ጉድጓድ ጠርዙ ተፍቆ አዲስ ሆኗል፤ የቀሩት ገና ናቸው። አንድ ቀለህ ደግሞ ከአፉ እስከ ግርጌው በመጋዝ ለሁለት ተሰንጥቆ ጨርቅ ላይ ተኝቷል። ሰው ዓሣ ሰንጥቆ ሆዱን እንደሚያይ።

ሽጉጡን በጓንት አነሳሁት። ባለ ስድስት ጎራሽ ነው፣ የቆየ። እጀታው እንጨት ሆኖ መዳፍ እንዳያሟልጥ ጥልፍልፍ ተደርጎ የተቦረቦረ ነው። እንዲህ ያለ እጀታ አሻራ አይይዝም፤ ብናኝ ግን አንዴ ከገባበት በጥርስ ብሩሽም አይለቅም። ወደ መስኮቱ ወስጄ አገላብጬ አየሁት። ንጹሕ ነው። አንዲት የናስ ብልጭታ የለችበትም።

"እጁን ጠርጎ ይሆናላ" አለ ቦይድ።

"እጁን ጠርጎ ከተኮሰ፣ ከሞተ በኋላ ነው እንደገና ናስ የነካው?"

ቦይድ የቨርሊንን እጆች አየ፣ ሽጉጡን አየ።

ጥይቶቹ የሚገቡበትን መዞሪያ ከፈትኩት። አንዱ ጥይት ተተኩሷል። የቀሩት አምስቱ አልተተኮሱም፣ ግን ሁሉም ካፕሱላቸው ላይ የመምቻ ጠባሳ አለባቸው። ተመትተው የከሸፉ ናቸው። የተተኮሰው ቀለህ ካፕሱል ላይ ደግሞ ጠባሳው ሁለት ነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ገባ ብሎ።

"ይህን ደግሞ ንገረኝ" አልኩት። "መደርደሪያው ላይ በሳጥን ሙሉ ደህና ጥይት አለ። ራሱን ሊያጠፋ የተነሳ ሰው ከሽፎ ያሳፈረውን ጥይት መርጦ ያጎርሳል?"

"ተናዶ ይሆናላ።"

"አንተ 'ይሆናላ' ስትል ነው የኖርከው።"

"እሺ፣ ቀብሩ እስኪያልፍ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ኦርፋን አታሰቃያት። ራሱን አጠፋ ብለን እንዝጋው።"

እኔ ደግሞ እሷ እንዳትሰቃይ ነበር የማልዘጋው።

---

በማግስቱ ከእሑድ ጸሎት በኋላ ኦርፋ ዘንድ ስመለስ፣ ከግቢው የመጥረቢያ ድምፅ ሰማሁ። ዴልበርት ናይ እንጨት ይፈልጥላታል። ዴልበርት የክለቡ ተኩስ ሜዳ አዛዥ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከመስመሩ ኋላ ቆሞ "ተኩስ" የሚለውም "አቁም" የሚለውም እሱ ነው። በዚህ ወረዳ ሽጉጥ አያያዝ ያላስተማረው ሰው የለም፤ እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው። ከቨርሊን ጋር ከልጅነት ጀምሮ አንድ ወንዝ ላይ ዓሣ ያጠመዱ ጓደኛሞች ናቸው።

"ለክረምት የሚበቃ ፈለጥክላት እኮ" አልኩት።

"ሌላ ምን አደርግላታለሁ ዎንዳ?" ላቡን በክንዱ ጠረገ። ዓይኑ ቀልቷል። "ትናንት ማታ የአጋዘን ሥጋ በባቄላ ሠርቼ አመጣሁላት፣ አልነካችውም። 'እኔ ነኝ የገደልኩት' ብቻ ነው የምትለው። ራስሽን አትውቀሺ እያልኩ እለምናታለሁ።"

"ውድድሩ ላይ ምን ሆነ?"

"መቼም ምን ይነገራል። ቨርሊን ተራው ደርሶ ምላጭ ሳበ፤ ጠቅ። ደገመ፤ ጠቅ። መዞሪያው ሙሉ አንድም ሳይፈነዳ ዞረ። መጀመሪያ ሰዉ ዝም አለ። ቀጥሎ አንዱ 'ቨርሊን፣ ባቄላ ነው እንዴ የሞላኸው?' አለና ሳቁ። እኔም..." ቆመ። "እኔም ፈገግ ብያለሁ፣ አልዋሽሽም።"

"አንተ ከውድድሩ በኋላ የት ነበርክ?"

"ክለቡ ነዋ። ኢላማ ስነቅል፣ ስጠርግ። ሁልጊዜ የመጨረሻው ሰው እኔ ነኝ።" ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሰው መጠቆም አልወድም። ግን ያን ቀለህ የሸጠለት ጌተር ፕሩዊት ነው። ቨርሊን ሲወጣ 'ያን ሰውዬ ሳላገኘው አልቀርም' ሲል ሰምቼዋለሁ። ተገናኝተው ተጣልተው እንደሆን እንጃ።"

የቨርሊንን ስልክ አይቼው ነበር። የመጨረሻው ጥሪ በእርግጥ ለጌተር ነው።

ገብቼ ኦርፋን አየኋት። ሳህኑ ከነክዳኑ ፊቷ ተቀምጧል።

"ዴልበርት መልካም ሰው ነው" አለችኝ። "ቨርሊን ቢኖር ያንን እንጨት ሁለቱ እየተሳደቡ ነበር የሚፈልጡት።"

"ኦርፋ፣ ራሱን ያጠፋ አይመስለኝም።"

ቀና ብላ አየችኝ። የሚያሳዝን አስተያየት ነበር፤ ተስፋና ቁጣ አብረው የገቡበት። "ልታጽናኚኝ ብለሽ ከሆነ ከቤቴ ውጪ። እርግጠኛ ስትሆኚ ተመለሺ። ከዚያ በፊት አንዲት ቃል እንዳትነግሪኝ። ሁለት ጊዜ አልሞትም።"

---

ጌተር ፕሩዊት አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነው፤ ከየገበያው፣ ከሟች ቤት፣ ከተዘጋ መጋዘን ይሰበስባል። ሱቁ ውስጥ ከመኪና ጎማ እስከ ሙሽራ ቀሚስ አለ። ሰኞ ስገባ ገና ሳልናገር ላብ አጠመቀው።

"ቨርሊን ቅዳሜ ደውሎልሃል።"

"አልደወለልኝም።"

"ጌተር፣ እኔን እያየህ ዋሽ እስቲ።"

ጣሪያውን አየ። "ደውሏል፣ ግን አላነሳሁትም።"

"የት ነበርክ?"

"ቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ ለእራቱ ዓሣ ስጠብስ። ውድድሩ ሳያልቅ ነው ትቼው የሄድኩት። እስከ ክርኔ ዱቄት ውስጥ ነበርኩ። ዱቄቱን የምታቀብለኝ ማን እንደነበረች ታውቂያለሽ? ኦርፋ! ወሬው እስኪመጣ ከዘይቱ አጠገብ አልተነቃነቅኩም፤ መጋቢውን ጠይቂ፣ መዘምራኑን ጠይቂ።"

ደንግጬ ቆምኩ። ባልየው ሲሞት ይህ ሰው ከሚስትየው ጎን ነበር። የጌተር ነገር እዚያው ላይ አበቃ። ግን የሰውዬው ላብ አላቆመም።

"ታዲያ ምን ያስፈራሃል?"

"ስልኩ ኪሴ ውስጥ ሲጮህ አውጥቼ አይቼዋለሁ። የቨርሊን ስም ነው። ስለ ቀለሁ እንደሆነ አውቄያለሁ። አውቄ መልሼ ከተትኩት።" ወንበር ስቦ ተቀመጠ፣ እንደ ሸክም ወረደ። "ሲገዛኝ 'የጦር ሠራዊት ቀለህ ነው ወይስ የገበያ?' ብሎ ጠይቆኝ ነበር። የገበያ ነው አልኩት። የጦር ነው፤ ከአየር ኃይል የወጣ አሮጌ። የጦር ቀለህ ማን ይገዛኛል ብዬ ነው። ባነሳውና እውነቱን ብነግረው ራሱን ያጠፋ ነበር ዎንዳ? ንገሪኝ እስቲ፣ ያጠፋ ነበር?"

ያኔ ነው የገባኝ፤ በዚህ ከተማ ቨርሊንን እኔ ነኝ የገደልኩት የማይል ሰው ሊጠፋ ነው። ገዳይ ፍለጋ ወጥቼ የማገኘው ተናዛዥ ብቻ ሆነ።

"ራሱን ስለማጥፋቱ ገና ነን" አልኩት። "የጦር ቢሆን ምን ክፋት አለው? አስረዳኝ።"

ከአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ሁለት ቀለህ ለቅሞ ግርጌያቸውን አሳየኝ። "ይህ የገበያ ነው፤ ጉድጓዱ አፉ ክፍት ነው፣ ካፕሱሏ ሰተት ብላ ትገባለች። ይህኛው የጦር ነው። ፋብሪካው ካፕሱሏ እንዳትወድቅ ብሎ ዙሪያውን ጠርዙን ወደ ውስጥ ደቁሶታል። የድሮዋን አውጥተሽ አዲስ ስትከቺ ጠባብ ነው፣ እምቢ ይላል። ሰው ጉድጓዱ ቆሽሾ ይመስለውና ይጠርገዋል። ከዚያ ካፕሱሏ ተለቅ ያለች ይመስለውና ይቀይራታል። ከዚያ ማሽኑን ይጠረጥራል፣ ክንዱን ተጭኖ በግድ ያስገባታል። ትገባለች፣ ግን ወለሉ ጋ አትደርስም። ተንሳፋ ትቀራለች። አውራ ጣትሽን ግርጌው ላይ ብታንሸራትቺ ብቅ ማለቷ ይታወቅሻል።"

"ከዚያ ይከሽፋል።"

"መምቻው ሲመታት አቅሙ የሚያልቀው እሷን ወደ ወለሉ በመግፋት ነው። አትለኮስም። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ያንን የተደቆሰ ጠርዝ መፋቅ ብቻ።"

ኪሴ ውስጥ ፎቶ ነበረኝ፤ የተሰነጠቀው ቀለህና የተፋቁት። አሳየሁት። ጌተር ፎቶውን ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበለኝ።

"አግኝቶታል" አለ። "ሰንጥቆ አይቶታል። አግኝቶት ነበር እኮ!"

"ሰበቡን ያገኘ ሰው ደስ ይለዋል፣ ራሱን አያጠፋም።" ቀጥዬ ጠየቅኩት፦ "አንዴ ተመትቶ የከሸፈው እንደገና ቢመታስ?"

"አሁን ወለሉ ላይ ተቀምጣለች እኮ። ትፈነዳለች። አብዛኛውን ጊዜ ትፈነዳለች።"

"ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል?"

"ጥይት የሚሞላ ያውቃል። የማይሞላ ግን የከሸፈ ከሽፏል ብሎ ነው የሚያምነው።"

ፎቶውን መለሰልኝና እንደ ምርቃት ጨመረ፦ "ቨርሊን እኮ የከሸፉትን ያኔውኑ ቤቱ ወስዶ ይፈትሻቸው ነበር ዴልበርት ቢተውለት። ልሄድ ስል አይቻቸዋለሁ። 'ተውልኝ፣ ቤቴ ወስጄ ፈትቼ ልያቸው' ሲለው ዴልበርት ከእጁ ተቀብሎ 'ደንብ ደንብ ነው ቨርሊን' አለው ሰዉ ሁሉ እየሰማ። የሽማግሌው ፊት አመድ ሆነ።"

ከሱቁ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ፤ ሞተሩን ግን አላስነሳሁም። ደንቡን እኔም አውቀዋለሁ። የከሸፈ ጥይት በሰው ኪስ ከሜዳው አይወጣም። አዛዡ በእጁ ይቀበልና ዘይት የተሞላ ቀይ ጣሳ ውስጥ ይጥለዋል፤ ዘይቱ ገብቶ እስኪገድለው እዚያው ይቀመጣል። የጣሳው ቁልፍ ዴልበርት አንገት ላይ ነው የሚውለው።

ከቨርሊን ሽጉጥ በእጄ ያወጣኋቸው ጥይቶች ደግሞ ደረቅ ነበሩ። ዘይት የሚባል አልነካቸውም።

እዚያው ተቀምጬ ሌላ መንገድ ፈለግሁ። ስለ እውነት፣ ፈለግሁ። አጣሁለት።

---

ክለቡ ጋ ስደርስ ዴልበርት መሰላል ላይ ወጥቶ የደንቡን ሰሌዳ ቀለም ይቀባል። ሰሌዳው ላይ የመጀመሪያው መስመር "ማንኛውም ሽጉጥ ጎርሷል ብለህ ያዝ" ይላል። እሱ ራሱ የጻፈው ነው።

"ለቨርሊን መታሰቢያ ሜዳውን እያሳመርኩ ነው" አለኝ ከላይ።

"ውረድ ዴልበርት። ቀይ ጣሳውን ክፈትልኝ።"

ብሩሹን ቆርቆሮው አፍ ላይ አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ወረደ። ቁልፉን ካንገቱ አወጣ። ጣሳውን ከፈተው። ዘይቱን በወንፊት ወደ ባልዲ ገለበጥኩት። የጠመንጃ ጥይት አለ፤ የሌላ ሽጉጥ ጥይት አለ። የቨርሊን ዓይነት አንድም የለም።

"ቅዳሜ የተቀበልካቸው የት አሉ?"

"ጥያቸዋለሁ እዚያ። ሰው ወስዷቸው ይሆናል።"

"ቁልፉ ያለው አንተ ጋ ነው። ደግሞም ከዘይት ቢወጡ ዘይት ዘይት ይሉ ነበር። እኔ ያገኘኋቸው ደረቅ ናቸው። ከእጅህ ወደ ኪስህ፣ ከኪስህ ወደ ቨርሊን ጋራዥ ነው የሄዱት።"

ንፋስ የተቀደደ ኢላማ ከመስመሩ ላይ ያርገበግባል።

"ሆን ብለህ የሠራኸው አይመስለኝም" አልኩት። "ግን አላውቅም። ዝም ካልክ ዓቃቤ ሕጉ የመሰለውን ይሞላበታል። ዝም ካልክ ደግሞ ኦርፋ እስክትሞት ድረስ ገዳይ ናት።"

"አትጥሪያት።"

"ለምን አልጠራትም? ባሏን የገደለች ሴት ናት እኮ። ራስዋ ናት ያለችው፣ አንተም አጠገቧ ቆመህ ሰምተሃል። እንጨት እየፈለጥክላት!"

ያኔ ተቀመጠ። የተኳሾቹ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እንደ ተራ ጠባቂ።

"ደንብ ጥሼ ነው የወሰድኳቸው" አለ። "ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጣሳው ውስጥ ልጥላቸው ስል ፊቱ ትዝ አለኝ። ሰው ፊት እምቢ አልኩት፣ አዋረድኩት። ይዤለት ልሂድና ይቅርታ ልጠይቀው ብዬ ሄድኩ።"

"አገኘኸው።"

"ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ እየፋቀ ነው። ሲያየኝ ተነሳ፣ ያንን የሰነጠቀውን ቀለህ አፍንጫዬ ሥር አመጣው። 'አገኘሁት ዴልበርት፣ የጦር ቀለህ ነው፣ ያ ሌባ ጌተር!' እያለ ይስቃል። የሰጠሁትን ጥይት ሁሉ በአውራ ጣቱ ዳሰሰ። 'እነዚህ አልሞቱም፣ ካፕሱላቸው አሁን ገና መሬት ረገጠች፣ ደግመህ ብትመታቸው ይተኩሳሉ' አለኝ።"

"ነግሮሃል ማለት ነው።"

"ነግሮኛል።" ጉንጩን በመዳፉ አሸ። "እኔ ግን አዋቂ ነኝ ዎንዳ። ዕድሜ ልኬን የሰው ክሽፍ ስለቅም የኖርኩ። 'የሞተ ጥይት አይነሳም' አልኩት። 'ይነሳል' አለኝ። እንደ ልጅነታችን ተከራከርን። ሽጉጡ ጠረጴዛው ላይ ነበር፣ አንስቼ የከሸፉትን አጎረስኩት፣ 'ሕይወት ካላቸው እስቲ ይንከሱህ' አልኩት። ወደ እሱ አዞርኩት።"

አጠገቡ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

"'ወደ አሸዋው ባልዲ አድርገው ዴልበርት' አለኝ። የኔን ቃል ነው የነገረኝ። ለልጁም ለአዋቂውም እዚህ ቆሜ የምለውን። በራሴ ድምፅ የነገረኝ ነው የመሰለኝ። እኔ ግን እየሳቅኩ ነበር። ምላጩን ስስበው እየሳቅኩ ነበር።"

ከዚያ በኋላ ያለውን ሳልጠይቀው ነው የነገረኝ። ሽጉጡ ከእጁ ወደቀ። ጎንበስ ብሎ የቨርሊንን አንገት ዳሰሰ፤ ምንም የለም። የመኪናውን በር ሳይዘጋ ነው የነዳው። ክለቡ ተመልሶ መጥረጊያ አነሳ፣ ያልቆሸሸ መስመር ጠረገ። ማንም ሲመጣ እነግራለሁ ብሎ ወሰነ። ወሬው ሲመጣ ግን "ቨርሊን ራሱን አጠፋ" የሚል ሆኖ መጣ።

"ልነግራት ነው የሄድኩት" አለ። "እግዜር ያውቃል ልነግራት ነበር። በሩን ከፍታ 'እኔ ነኝ የገደልኩት' ስትለኝ አፌን ከፈትኩ፤ የወጣኝ ግን 'ራስሽን አትውቀሺ' ነው። አንዴ ከወጣ በኋላ... በማግስቱ ይበልጥ ከበደ።"

"ጌተርንስ?"

መሬት መሬት አየ። "ጌተርንም ጠቆምኩልሽ።"

ለተኮሰው ጥይት ልቤ ሊራራ ዳር ዳር ይል ነበር። ለእንጨቱና ለባቄላው ግን አልራራሁም፤ ዛሬም አልራራም።

"ስለ ኦርፋ አንስቶ ነበር?" አልኩት። "ቨርሊን።"

አሰበ። "አዎ። 'ኦርፋ ማሽኑን ጣለው ብላኛለች' አለና ሳቀ። 'ይህን ሳሳያት ነው የማያት፣ ድንቿን ልጣ ትምጣ ብቻ' አለኝ።"

ካቴናውን አወጣሁ። እጆቹን ሳልጠይቀው ዘረጋልኝ። ነጭ ቀለም ነክቷቸዋል።

---

ኦርፋ በሩን ስትከፍት ፊቴን አይታ "እርግጠኛ ነሽ?" አለችኝ።

"እርግጠኛ ነኝ።"

ወጥ ቤት ተቀምጠን ነገርኳት። ናሱን ነገርኳት፣ ጠባሳዎቹን፣ ጣሳውን። የዴልበርትን ስም ስጠራ ከወንበሯ ተነሳች። ሳህኑን ከነባቄላው አንስታ ወደ ጓሮ ወጣች፣ ከነክዳኑ የቆሻሻ በርሜል ውስጥ ከተተችው፣ እጇን ታጥባ ተመልሳ ተቀመጠች።

"ስለዚህ አልገደልኩትም" አለች።

"አልገደልሽውም።"

"ያልኩት ግን እንዳልኩት ቀረ። የማትረባ ሽማግሌ እንዳልኩት ነው የሞተው።"

የዴልበርትን ቃል ነገርኳት። ቨርሊን እንደሳቀ፣ ድንቿን ልጣ ትምጣ እንዳለ፣ ቀለሁን ሊያሳያት እንደጓጓ። እንባዋ ያኔ መጣ። ግማሽ መንገድ ላይ ግን ያዘችው።

"ይህን ማን ነገረሽ?"

"ዴልበርት።"

"ዴልበርት።" ስሙን እንደ መራራ ነገር ምላሷ ላይ አዞረችው። "እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ እጄን ይዞ የጸለየው ዴልበርት። ጋራዡ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሞቷል፣ ሌላው ውሸታም ነው። ሊያስደስተኝ ብሎ ፈጥሮት ቢሆንስ?"

አዎ ልላት እችል ነበር። አይደለም፣ እውነት ነው ልላት እችል ነበር። ሰው እንዲህ ባለ ጊዜ ትንሽ ቢዋሽ ማን ይጠይቀዋል? ግን ከዚህ ቤት ውሸት ይበቃል አልኩ።

"አላውቅም ኦርፋ" አልኳት።

ተነስታ ኮቷን ከመስቀያው አወረደች፣ ቁልፉን እስከ አገጯ ቆለፈች።

"ውሰጂኝ።"

"የት?"

"እሱ ዘንድ ነዋ። ፊቱን እያየሁ ይንገረኝ። ዴልበርትን ከትምህርት ቤት ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ሲዋሽ ግራ ዓይኑን ያርገበግባል። እስካሁን ዓይኑን ስላላየሁ ነው ያታለለኝ። እኔ ወለሉን ሳይ ነበር የሰነበትኩት።"

ደንቡ ይከለክላል። ቦይድም አደን ላይ ነበር። ወሰድኳት።

ሸሪፍ ቢሮ ደርሰን ዴልበርትን ከእስር ክፍሉ አውጥቼ ወደ ትንሿ የምርመራ ክፍል አስገባሁት። ሲያያት ግድግዳውን ተደግፎ ማልቀስ ጀመረ፣ "ኦርፋ፣ ኦርፋ" ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም። እሷ ወንበሩን ስባ ከፊቱ ተቀመጠች፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አደረገች።

"ለቅሶህን በኋላ ታደርሰዋለህ" አለችው። "ቁጭ በል። ቀና በል። ከጋራዡ በር ገብተህ እሱ ካንገቱ ቀና ሲል ምን እንዳለህ፣ ከዚያ ጀምረህ ንገረኝ። አንዲት ቃል እንዳትዘል።"

ዴልበርት ተቀመጠ። ቀና አለ። እኔ ወጥቼ በሩን ዘጋሁላቸው።